አራት ወር ለአንዲት ብሎን

ቁራሌው በሚዛን ሊወስዳት ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ አዛውንት ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው ቤቱን ሲያጸዱ ከጓዳ አንዲት ጥቁር ሲንጀር ወጣች። አቧራውና የቆየው ዘይት ተጋግሮባት መዘውሯ ንቅንቅ አይልም። ቁራሌው በእግሩ ነካ አደረጋትና «ይቺ ብረት ናት፤ በኪሎ ነው የምይዛት» አለ። ዋጋውን ሲጠራ እዚያው ቆሜ ነበር። እሱ ካለው ላይ ጥቂት ጨምሬ እኔ ወሰድኳት።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ስለ ስፌት መኪናም የማውቀው አልነበረም። ያን ቀን ትዝ ያለችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። አራት ዓመት አንድ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሠርታ፣ ሥራው ሲቀዘቅዝ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰች። ያጠራቀመችውን ከዕቁቧ ጋር አዳምራ አንድ አዲስ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ገዛች። ሞተሩ ከጭንቅላቱ ጋር አብሮ የተሠራ፣ ክር በራሱ የሚቆርጥ፣ ቁጥር የሚጻፍበት መስኮት ያለው ነው። ስምንት ወር ሠራችበት። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመጣ ቦርዱ ተቃጠለ። የሸጠላት ነጋዴ «ይሄ ሞዴል አሁን አይመጣም፤ ቦርዱም የለም፤ አዲስ ብትገዢ ይሻልሻል» አላት። ከዚያ ወዲህ መኪናው ነጠላ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እሷም የሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመረች።

ይህን የምጽፈው ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ለማውራት ብቻ አይደለም። ይህችን ሲንጀር ለማስነሳት የሄድኩበት መንገድ ስለ ሀገራችን ኢንዱስትሪ በየስብሰባው ከምንሰማው በላይ ስላስተማረኝ ነው።

*

መጀመሪያ የሄድኩት መርካቶ፣ በስፌት መኪና ጥገና ከአርባ ዓመት በላይ የቆዩ ሰው ዘንድ ነው። ሱቃቸው ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛው ደጅ የሚቀርበት ነው። መኪናዋን ሲያዩ መነጽራቸውን አደረጉና ጠረጴዛዋ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጨርቅ ጠረጉ።

«ጋሼ፣ ትነሳለች?»

«ይቺማ ምን ትሆናለች! ዘይቷ ነው የደረቀው። አደራ ግን በጉልበት እንዳታዞራት፤ ነጭ ጋዝ እያጠጣህ ጠብቃት።»

ሞዴሏ 31ኬ የሚባለው ነው፤ ለቤት ሳይሆን ለልብስ ሰፊና ለፋብሪካ የተሠራ። «ኬ» የምትለዋ ፊደል ኪልቦዊን ታመለክታለች። ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ በሚባል ከተማ የነበረው የሲንጀር ግዙፍ ፋብሪካ መጠሪያ ነው። ያ ፋብሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ዛሬ በቦታው ከቀሩት ነገሮች አንዱ «ሲንጀር» የሚባል የባቡር ጣቢያ ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ አርባ ዓመት አልፎታል፤ የሠራት መኪና ግን መርካቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ትነሳለች አትነሳም ይባልላታል።

የተባልኩትን አደረግሁ። ዘይት በሚገባባቸው ቀዳዳዎች ሁሉ ጠዋትና ማታ ነጭ ጋዝ ጠብ አደርጋለሁ፤ መዘውሯን በቀስታ ወዲያና ወዲህ እሞክራለሁ። በስድስተኛው ቀን የጣት ያህል ተንቀሳቀሰች። በስምንተኛው ሙሉ ዞረች። የወጣው ጥቁር ዝቃጭ እንደ ሬንጅ ነበር። እያንዳንዱን ክፍል ከመፍታቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፤ የፈታኋቸውን ብሎኖች በእንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ በተራ ደረደርኩ። ማንም ሰው በካቻቢቴና በትዕግሥት ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው።

ስፈታት አንድ ነገር ገረመኝ። ትንንሾቹ ብረቶች ሳይቀሩ ብዙዎቹ ላይ «ሲማንኮ» የሚል ጽሑፍና ቁጥር ተቀርጿል። ሲማንኮ የሲንጀር ማኑፋክቸሪንግ ኩባንያ ምህጻር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ የዕቃው መለያ ነው። ኩባንያው የዕቃዎቹን ዝርዝር ከነሥዕሉና ከነቁጥሩ አሳትሞ ያሰራጭ ነበር። ስለዚህ አንዲት ሞላ የተሰበረችበት ሰው «ያቺ ጥምዝ ያለችው ነገር» እያለ በእጁ አየር ላይ አይስልም፤ ቁጥሯን ይናገራል።

ከዚያ ችግሩ መጣ። መርፌዋ የምትገባበትን የብረት ሳህን ከሚይዙት ብሎኖች አንዱ የለም። የተገኘውም ቢሆን ጭንቅላቱ ተበልቷል። ያለ እነሱ ሳህኑ ይንቀጠቀጣል፤ ሳህኑ ከተንቀጠቀጠ መርፌ ይሰበራል። ወደ ጋሼ ስመለስ ሱቁ ተዘግቷል። ጎረቤታቸው «ዓይናቸውን ሊታከሙ ሄደዋል፤ ከዚያም ሀገር ቤት ያርፋሉ» አለኝ። ተማሪ አላቸው ወይ ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። «የዛሬ ልጅ ማን ዘይት ይነካል ብለህ ነው?»

*

አራት ወር ፈለግኩ።

በየሱቁ «የሲንጀር 31ኬ ብሎን» እላለሁ። «የድሮ ነው፤ የለም» ይሉኛል። ምናለሽ ተራ ሄጄ የብሎን ክምር በእጄ ፈለቀቅኩ። ከቆርቆሮው፣ ከበርሜሉና ከአሮጌው ብረት መሃል ጥቁር የሆኑ ሰዓታት አሳለፍኩ። አንድ ቶርኖ ቤት ሄድኩ፤ ልጁ ጎበዝ ነው። ብሎኑን ለክቶ «ውፍረቱን አወጣልሃለሁ፤ ጥርሱን የምቆርጥበት ግን የለኝም። ከፈለግህ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጌ በአምስት ቁጥር ልሥራልህ» አለኝ። ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። የጋሼ «አደራ በጉልበት» የሚለው ቃል ነው ያስቆመኝ።

ልጁ የተቸገረው በምክንያት ነው። በእነዚህ የኢንዱስትሪ ስፌት መኪኖች ላይ ከሚገኙት የብሎን መጠኖች አንዱ ውፍረቱ 11/64 ኢንች ሲሆን በአንድ ኢንች ርዝመት 40 ጥርስ አለው። ወደ ሚሊ ሜትር ሲመለስ ውፍረቱ 4.37፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 0.635 ነው። በየሱቁ የምናገኘው አራት ቁጥር ብሎን ይላቀቃል፤ አምስት ቁጥሩ አይገባም። በግድ ካስገቡት መቶ ዓመት ሊያገለግል የሚችለው ቀዳዳ ለዘላለም ይበላሻል።

በአራተኛው ወር መጨረሻ ሱቁ ተከፍቶ አገኘሁት። ጋሼ ዓይናቸው ተሽሏል፤ ብሎኑን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አነሱትና አዩኝ።

«ቤት ውስጥ የተበላሸ የቻይና መኪና የለም?»

«አለ፤ የአክስቴ ልጅ። ቦርዱ የተቃጠለ።»

«ታዲያ ከሱ ለምን አልሞከርክም? ሁሉም የሲንጀር ልጆች ናቸው እኮ።»

ያን ዕለት ማታ ነጠላውን ገልጬ ሳህኑን የያዘውን ብሎን ከአዲሱ መኪና ፈታሁ። አሮጌዋ ላይ ሳስገባው እንደ ቅቤ ገባ።

አራት ወር ሙሉ መርካቶን ያዞረኝ ብሎን እኛው ቤት፣ ነጠላ ሥር ተቀምጦ ነበር።

*

ይህ ተአምር አይደለም፤ ምክንያት አለው። ሲንጀር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለራሱ የመረጣቸው የብሎን ልኮች የዓለም ስፌት መኪና ልክ ሆነው ቀሩ። በ1938 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጃፓኑ ጁኪ፣ ሀገሩ በሚሊ ሜትር እየለካ፣ በመኪኖቹ ውስጥ እነዚህን የኢንች ብሎኖች እስከ ዛሬ ይጠቀማል። የጁኪን ንድፍ የተከተሉት የቻይና ፋብሪካዎችም እንዲሁ። መርፌውም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የቤት መኪና መርፌ አንገቱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ስለሆነ ለ31ኬ አይሆንም፤ መርካቶ ለቻይና የኢንዱስትሪ መኪና በየሱቁ የሚሸጠው ክብ አንገት ያለው «ዲቢ 1» ግን ገባላት።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ብሎኑ ነበረ። መርፌው ነበረ። የተካነው ሰውም ነበረ። የጎደለው ምን ነበር? «ይሄ ከዚያ ጋር አንድ ነው» የሚል አንድ መስመር መረጃ። ያ መረጃ በአንድ አዛውንት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር። እሳቸው ሲታመሙ ዕውቀቱም ከሱቁ ጋር አብሮ ተቆለፈ።

እኛ ሀገር ማሽን ሲቆም የምንሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ዶላር የለም»። ዶላር ችግር መሆኑን የሚክድ የለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ በዚያው ልክ ተሰቀለ። ግን እስቲ በሐቀኝነት እንጠያየቅ፤ ከቆሙት ማሽኖቻችን ስንቶቹ የቆሙት ዶላር ጠፍቶ ነው? ስንቶቹስ የቆሙት የሚያነሳቸው ዕቃ ሁለት ሱቅ አልፎ እንዳለ የሚነግረን ጠፍቶ ነው?

መልሱን ቆጥሮ የያዘ አላውቅም። እኔ ግን በራሴ ጉዳይ ያየሁት ሁለተኛውን ነው።

*

ላለፉት አሥርና ከዚያ በላይ ዓመታት ስለ ልብስ ኢንዱስትሪ ያወራነው በትልልቁ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ የኢንዱስትሪ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮም ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ታገደች። ትዕዛዝ ቀነሰ፤ የወጡ ኩባንያዎች አሉ፤ ብዙ ሠራተኞች ተበተኑ።

የተበተኑት ሰዎች ባዶ እጃቸውን አልወጡም፤ መስፋት ችለው ወጥተዋል። የአክስቴ ልጅ አንድ ሸሚዝ ሲሰፋ የትኛው ስፌት ከየትኛው እንደሚቀድም ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች። ይህ በገንዘብ የማይገዛ ሀብት ነው። ግን አራት ዓመት የሠራችበት መኪና ሲበላሽ እጇን አንስታ ቴክኒሻን ከመጥራት በቀር ሌላ አልተማረችም። መፍታት አልተፈቀደላትም፤ ቴክኒሻኑም ብዙ ጊዜ የውጭ ሰው ነበር። መስፋትን አስተምረን የምንሰፋበትን ማሽን ምስጢር አድርገን ያስቀረንባት አንዲት ሴት ናት። እንደ እሷ ያሉት ብዙ ናቸው።

በተቃራኒው ያለውን ክርክር አውቀዋለሁ። «ዓለም ወደ ፊት ሲሄድ አንተ ወደ መቶ ዓመት መኪና ትመልሰናለህ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። 31ኬ በደቂቃ ወደ 2,200 ስፌት ነው የምትወጣው፤ የዛሬ የኢንዱስትሪ መኪና 5,000 ይሰፋል። ለውጭ ገበያ ሸሚዝ በሺዎች የሚያመርት ፋብሪካ በእሷ ልሥራ ቢል ይከስራል። ክር አትቆርጥም፤ ወደ ኋላ መስፋትም አትችልም። እኔ የምለው አሮጌው ይሻላል አይደለም። የምለው አሮጌዋ በሕይወት የቆየችበትን ምክንያት እንማር ነው።

ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ዕቃዎቿ ቁጥርና ዝርዝር አላቸው፤ ዝርዝሩም በሠሪው መሳቢያ አልተቆለፈም። ሁለተኛ፣ ልኳ ሌላው ሁሉ የተቀበለው ልክ ነው፤ ሠሪዋ ቢሞት ልኳ አይሞትም። ሦስተኛ፣ በተራ ካቻቢቴ ትፈታለች። አዲሱ መኪና ሜካኒካል ክፍሉ እነዚህን ሦስቱንም አሟልቶ ሳለ የገደለው ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ፣ ዝርዝሩ ያልወጣ፣ ሌላ የማይተካው አንድ ቦርድ ነው። ጤነኛ አካል በአንዲት የተዘጋች ክፍል ምክንያት ሙሉ በሙሉ ተቀበረ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. የጥገና መብትን የሚመለከት መመሪያ አጽድቋል፤ እንደ ልብስ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣና ስልክ ያሉ ዕቃዎችን የሚሠሩ ኩባንያዎች እንዲጠግኑና መለዋወጫ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አዲስ ዕቃ ለመግዛት አቅም ያላቸው ሀገሮች የጥገና ሕግ ሲያወጡ፣ ዶላር ለምነን የምንገዛ እኛ ስለ ጉዳዩ አንድ ስብሰባ አለማድረጋችን ይገርመኛል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

*

ታዲያ ምን ይደረግ? ከባድ ነገር አልጠይቅም።

አንደኛ፣ የመንግሥት ገንዘብ ማሽን በሚገዛበት ቦታ ሁሉ፣ ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይሁን ለተደራጁ ወጣቶች፣ ጨረታው ላይ ሦስት መስመር ይጨመር፦ የዕቃዎቹ ሙሉ ዝርዝር ከነቁጥሩ ይቅረብ፤ የጥገና መመሪያው በሀገር ውስጥ ቋንቋ ይኑር፤ ቶሎ የሚያልቁ ዕቃዎችና ቦርዶች ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንደሚገኙ ሻጩ ይፈርም። ይህን የማይፈርም ሻጭ የሚሸጥልን ማሽን ሳይሆን የወደፊት ቁራሌ ነው።

ሁለተኛ፣ የካፒታል ዕቃ ሊዝ የሚባለው አሠራር ጥሩ ነው፤ ሰው ያለ ብዙ ጥሪት ማሽን እንዲያገኝ ያደርጋል። ሲንጀር ራሱ ዓለምን ያዳረሰው በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀመረው የየወሩ ክፍያ ሽያጭ ነው። ግን ማሽን በሊዝ ሰጥቶ ቦርዱ ሲቃጠል ዞር ማለት ሰውን ዕዳ ማሸከም ነው። ከሊዙ ጋር የጥገና ውልና የኃይል መቆጣጠሪያ አብሮ ይሰጥ። መብራታችን እየሄደ እንደሚመጣ አውቀን ሳለ ቦርድ ያለው ማሽን ያለ መከላከያ መስጠት በዝናብ ጨው መሸከም ነው።

ሦስተኛ፣ ኮሌጆቻችን ቶርኖ አላቸው፤ ተማሪም አላቸው። ቶሎ የሚያልቁትን ሃያ ዓይነት ብሎን፣ ሞላና ጥርስ መርጠው በትክክለኛው ልክ ይሥሩ። የ11/64 ብሎን መቁረጫ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ሲመጣ ስንት ሺህ ብሎን ያወጣል? ለልምምድ ተብሎ ተቆርጦ ከሚጣለው ብረት ይልቅ የሚሸጥ ብሎን ቢወጣ ተማሪውም ይኮራል።

አራተኛውና ለእኔ ዋናው፣ እንደ ጋሼ ያሉትን ሰዎች እንፈልጋቸው። የሙያ ብቃት ምዘና ማዕከሎች ከትምህርት ቤት ለወጣ ልጅ ወረቀት ይሰጣሉ፤ አርባ ዓመት የሠራውን ሰው ግን መምህር ብሎ የሚሾም የለም። ለእነዚህ ሰዎች ሁለት ሁለት ተማሪ ከነትንሽ አበል ይሰጣቸው። ከተማችን ስትታደስም የጥገና ሱቆችን ወደ ተለያየ አቅጣጫ አንበትናቸው። አንዱ የጎደለውን ከሌላው የሚያገኘው ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ነው። ተራው ሲፈርስ የሚጠፋው ቆርቆሮው ብቻ አይደለም፤ «እዚያ ማዶ እሱን ጠይቀው» የሚለውም አብሮ ይጠፋል።

*

መኪናዋ ተነሳች። የመጨረሻውን ማስተካከል የሠሩት ጋሼ ናቸው። መርፌዋ ታች ደርሳ ወደ ላይ መመለስ ስትጀምር፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል እንደወጣች፣ ከሥር ያለው መንጠቆ ክሩን መያዝ አለበት። ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ስፌት የለም። በጆሯቸው ነው የሚያስተካክሉት ማለት ይቻላል። ያረጀ የእግር መርገጫ ላይ ጫንናት፤ አዲስ ቺንጋ ገዛንላት። ስለዚህ መብራት ቢጠፋም አትቆምም።

የአክስቴ ልጅ አሁን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከፋብሪካው መኪና ጋር ስታወዳድራት «ዘገምተኛ ናት፤ ግን ወፍራሙን ጨርቅ ስትበላው!» ትላለች። ልብስ ማጠቡን ትታለች። የተቃጠለው መኪና ግን አሁንም እዚያው ጥግ ነው፤ አሁን ደግሞ አንድ ብሎን ጎድሎታል። ቦርዱ የሚጠገንበትን ሰው ያወቀ ቢጠቁመን ደስ ይለናል። አሮጌዋ እሷን መመገብ ትችላለች፤ አዲሱ ቢነሳ ግን ሁለት ሰው ትቀጥር ነበር።

እኔ አንድ ደብተር ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ሱቅ እሄድና የሚያውቁትን እጽፋለሁ፦ የትኛው ብሎን ከየትኛው ይስማማል፣ የትኛው መርፌ ለየትኛው መኪና ይሆናል፣ የትኛው የቻይና ዕቃ ለየትኛው አሮጌ ይገባል። እስካሁን አሥራ አንድ ገጽ ሞልቷል። ሲያልቅ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ማንም ይውሰደው። እናንተም በሙያችሁ፣ የወፍጮ ይሁን የውሃ ፓምፕ፣ የትራክተር ይሁን የማተሚያ፣ «ይሄ ከዚያ ጋር አንድ ነው» የምትሉት ካለ ጻፉት። ጋሼን የሚመስል ሰው የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ዓይኑ ሳይደክም አጠገቡ ቁጭ በሉ።

ቁራሌው አሁንም በሰፈራችን ያልፋል። ባለፈው ሳምንት «ያቺ ብረት አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። አለች፤ ሥራ ላይ ናት አልኩት።

ቸር ሰንብቱ።